የእንግሊዝኛ ቃላት ከቤት ኑሮ፦ ዕቃ ላይ ወረቀት መለጠፍ ይበቃል ወይ?

ቀጋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ተማሪዎች አሉን፤ አንዷ ሰባተኛ ክፍል፣ ትንሹ ሁለተኛ ክፍል። እናታችን ደግሞ አሜሪካ ያለችው እህታችን ጋ ለመሄድ ፕሮሰሷ እያለቀ ነው። ሦስቱንም ኮርስ ሳንከፍል ከቤት ኑሮ የእንግሊዝኛ ቃላት ልናስይዛቸው አስበናል። የመጣልን ሐሳብ በየዕቃው ላይ ስሙን ጽፎ መለጠፍ ነው፤ በሩ ላይ «ዶር»፣ ፍሪጁ ላይ «ፍሪጅ» እያልን። በሳምንት ስንት ቃል ይበቃል? ከየት ይጀመር? የእንግሊዝ ይሁን የአሜሪካ? እናቴም ስለምታነበው የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን ጻፉልኝ።

የጓዳ መምህር፦
ሐሳባችሁ ጥሩ ነው፤ የምትለጥፉት ነገር ግን ይቀየር። ፍሪጅ ፍሪጅ መባሉን ማን ያጣዋል? ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር የሚይዘው የዕቃ ስም ሳይሆን ግሡ ነው። ስለዚህ ፍሪጁ ላይ «ፑት ዘ ሚልክ ባክ» ብላችሁ ለጥፉ፤ ወተቱን መልስ ማለት ነው። የቧንቧው አጠገብ «ተርን ኦፍ ዘ ታፕ»፣ አልጋው ራስጌ «ሜክ ዩር ቤድ»፣ የጫማ መደርደሪያው ላይ «ቴክ ኦፍ ዩር ሹስ»። ትእዛዙ ሥራው በሚሠራበት ቦታ ይሁን፣ ያነበበውም ሰው እዚያው ይፈጽመው። ሁለት ሳምንት የቆየ ወረቀት ዓይን ስለሚለምደው ማንም አያነበውም፤ አንሱትና ሌላ ተኩ።

በሳምንት ስምንት ቃል ይበቃል፤ ቢያንስ ሦስቱ ግሥ ይሁኑ። ሃያ ከሰጣችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት በደስታ ያልፉታል፣ ሦስተኛው ላይ ሁሉም ይደበላለቅባቸዋል።

ብዙ ቤት የሚበላሸው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ማንኪያ፣ ሹካ፣ ቢላዋ፣ ጭልፋ በአንድ ቀን አታስተምሩ። አንድ ዓይነት ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ እርስ በርስ ይምታታሉ። ቶማስ ቲንከም እ.ኤ.አ. በ1993፣ ሮብ ዋሪንግ ደግሞ በ1997 ባደረጉት ሙከራ በትርጉም የሚቀራረቡ ቃላት በአንድ ዙር ሲሰጡ ተማሪው ለመያዝ ብዙ ድግግሞሽ እንደሚፈጅበት አሳይተዋል። በዓይነት ሳይሆን በሥራ ሰብስቧቸው። ለምሳሌ ሻይ ማፍላት፦ ኬትል፣ ፊል (መሙላት)፣ ቦይል፣ ፖር (መቅዳት)፣ ስትሬይነር (ማጥለያ)፣ ስተር (ማማሰል)፣ ስፒል (መፍሰስ)፣ ሲፕ (ፉት ማለት)። ስምንት ሆነ። ማንኪያው ከሻይ ጋር፣ ጭልፋው ሌላ ሳምንት ከወጥ ጋር ይመጣል።

የምትለጥፉትን ወረቀት በላቲን ፊደል ጻፉ። እዚህ በፊደላችን ስንጽፍ ለወሬ ይሆናል እንጂ ድምፁን በሙሉ አያሳይም። አንሶላ «ሺት» ነው፤ ኢ ድምፁ ረዝሞ ካልወጣ ስድብ ይሆናል።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
የስም ወረቀትን እንዲህ አትጣሉት እንጂ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ የሁለተኛ ክፍሉ ልጅ ፊደሎቹን ያውቃል፣ ቃል አድርጎ ማንበቡ ግን ገና ነው። ለእሱ በሩ ላይ ያለ «ዶር» የንባብ ልምምድ ነው። አምስት ወረቀት ብቻ፣ በእሱ ቁመት ልክ፣ ራሱ የጻፈው ይሁን። ለሰባተኛ ክፍሏና ለእናትየው ግን የመምህሩ ይሻላል።

ከዕቃ ስም ውስጥ አንዷ ልዩ ጥንቃቄ ትፈልጋለች፤ «ኩከር»። ልጆቹ «ቲቸር» አስተማሪ ከሆነ «ኩከር» ወጥ ሠሪ ነው ብለው ያስባሉ። ወጥ ሠሪው «ኩክ» ነው፣ «ኩከር» ምድጃው ነው። «ማይ መዘር ኢዝ ኤ ጉድ ኩከር» ያለ ልጅ እናቱን ምድጃ አደረጋት።

የጓዳ መምህር፦
አምስት ከሆነ እስማማለሁ።

ለእናታቸው አንድ ነገር ልጨምር። ትልቅ ሰው ገና ሳይሰማ ተናገር ሲባል ይሸማቀቃል። ጄምስ አሸር የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፉት መንገድ አለ፤ አስተማሪው ያዛል፣ ተማሪው ሳይናገር በሰውነቱ ይፈጽማል። ልጅቷ ቆማ «ኦፕን ዘ ድሮወር» ትበል፣ እናትየው መሳቢያውን ይክፈቱ። «ቴክ አውት ቱ ስፑንስ»፤ ያውጡ። «ፑት ዘም ኦን ዘ ቴብል»፤ ያስቀምጡ። በቀን አሥር ደቂቃ። ልጅቷ መጀመሪያ አብራ ትሥራ፣ በኋላ ድምፅዋ ብቻ ይቅር። ትእዛዞቹን በቅደም ተከተል ካደረገችው ግን እናትየው ቃሉን ሳይሆን ተራውን ይሸመድዳሉ፤ በየቀኑ ትበውዘው። እናትየው በራሳቸው ጊዜ ማዘዝ ሲያምራቸው ይጀምሩ፤ ያኔ ልጆቹ ታዛዥ ይሆናሉ፣ ይኼ ደግሞ ለቤቱም አይከፋም።

«ክፈት» እና «ዝጋ» ላይ ጠንቀቅ በሉ። እኛ ቴሌቪዥንም ውሃም በርም እንከፍታለን። በእንግሊዝኛ «ኦፕን» ለበር፣ ለመስኮትና ለክዳን ነው፤ ቴሌቪዥን፣ መብራት፣ ቧንቧና ጋዝ «ተርን ኦን» እና «ተርን ኦፍ» ናቸው። «ክሎዝ ዘ ላይት» ማለት በአገራችን በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ሸማኔው፦
የልብስ አጠባ ከሻይ ቀጥሎ ይምጣ። አንድ ሥራ ላይ ይህን ያህል ግሥ የሚገኝበት ሌላ ቦታ የለም፣ ቅደም ተከተሉም አይለወጥም። መለየት «ሶርት»፣ መዘፍዘፍ «ሶክ»፣ አንገትና ክንድ ላይ መፈተግ «ስክረብ»፣ ማለቅለቅ «ሪንስ»፣ መጭመቅ «ሪንግ»፣ ማስጣት «ሀንግ አውት»፣ ማጠፍ «ፎልድ»፣ መተኮስ «አየርን»።

ሁለቱን ልብ በሉ። መጭመቅ ስትጻፍ ከፊቷ የማይነበብ «ደብሊዩ» አለባት፤ ድምፅዋ ከጣት ቀለበት ጋር አንድ ነው። ካውያም ስትነበብ እንደ አጻጻፏ «አይሮን» አትባልም፤ አሜሪካኖቹ «አየርን»፣ እንግሊዞቹ «አየን» ይሏታል። ደግሞ ጭማቂ ሲሆን ያው ቃል አይሠራም፤ ሎሚ «ስኩዊዝ» ነው።

ልብስ መልበስ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። እኛ «ለበሰች» ብለን ድርጊቱንም ሁኔታውንም እንጨርሳለን። እነሱ ጋ አሁን ካልሲ እየሳበ ያለ ልጅ «ፑቲንግ ኦን» ላይ ነው፤ ለብሶ የተቀመጠው «ዌሪንግ»። ጠዋት ለትምህርት ቤት ሲዘጋጁ ነው መለማመጃው። ሹራብ፣ ጫማ፣ መነጽር፣ ሰዓት፣ ቀበቶ፣ ሽቶ እንኳ ሳይቀር በ«ዌር» ይሄዳሉ፤ እኛ «አሰረ»፣ «አደረገ»፣ «ተቀባ» የምንለውን ሁሉ። ለእኛ ይቀላል፤ ስድስቱን ወደ አንድ መጠቅለል ነው።

ሞሰብወርቅ፦
ወደ ማድ ቤት እንግባ። እዚያ ያለው አበሳ የእኛ አንድ ግሥ የእነሱን ሦስት መያዙ ነው። «መጥበስ» በዘይት በመጥበሻ ከሆነ «ፍራይ»፣ በኦቨን ውስጥ ከሆነ «ሮስት»፣ ፍም ላይ በብረት ከሆነ «ግሪል»። «መቁላት» ቡና ከሆነ «ሮስት»፣ ቅመም በደረቅ ምጣድ ሲሞቅ «ቶስት»። ሽንኩርት በዘይት ማቁላላት «ሶቴ» ይባላል፤ ለዶሮ ወጥ ያለ ዘይት እስኪጠቁር የምናቁላላው ግን «ሶቴ» አይደለም፣ ያለ ዘይት ሶቴ የለምና፤ «ኩክ ዘ አንየንስ ድራይ፣ አንቲል ብራውን» ማለት ይሻላል። ወጡ ሲፈላ «ቦይል»፣ እሳቱ ተቀንሶ ሲንተከተክ «ሲመር»። ብዙ የምግብ አሠራር ላይ ዋናው ትእዛዝ ይህችው «ሲመር» ናት፤ «ቦይል» ብሎ የተረዳት ሰው ድስቱን ያሳርራል።

መክተፍም እንዲሁ ነው። ዝም ብሎ መክተፍ «ቾፕ»፣ ክብ ክብ ወይም ስስ አድርጎ መቁረጥ «ስላይስ»፣ እኩል አራት ማዕዘን «ዳይስ»፣ ድቅቅ አድርጎ «ሚንስ»፣ መፈቅፈቂያ ላይ «ግሬት»። አንድ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ አንድ መክተፊያ ይዘው አምስቱንም በአንድ ምሽት ማድረግ ይቻላል፤ እጅ የሠራውን ጭንቅላት አይረሳም። ነጭ ሽንኩርት ላይ ራሱ «ሄድ»፣ አንዱ ፍሬ «ክሎቭ» ነው፤ ቅርንፉድም «ክሎቭ» ስለሆነ «ጋርሊክ» የሚለው አብሮ መጻፉን ሳያዩ ሦስት ቅርንፉድ ወጥ ውስጥ እንዳይጨምሩ።

እንጀራ ላይ የሚሳሳቱት «ዶ» ሲሉ ነው። «ዶ» በእጅ የሚታሸው የዳቦ ሊጥ ነው፣ ማሸቱ «ኒድ»። የእንጀራ ሊጥ ቀጭን ስለሆነ «ባተር» ይባላል፣ መቡካቱ «ፈርመንት»፣ እርሾው «ስታርተር»። «ዪስት» ካሏቸው ከሱቅ የሚገዛውን ደረቅ እርሾ ነው የሚሰጧቸው።

ዳማከሴ፦
ሞሰብወርቅ ቅመሞቹን ረሳሻቸው። እናትየው አሜሪካ ሱቅ ገብተው የሚቸገሩት እዚያ ነው።

ሞሰብወርቅ፦
አልረሳሁም፣ ለብቻው ልጽፍ ነው። ቀላሎቹ፦ እርድ «ተርመሪክ»፣ አብሽ «ፌኑግሪክ»፣ ድምብላል «ኮሪያንደር ሲድ»፣ ጦስኝ «ታይም»፣ ጤና አዳም «ሩ»፣ ተልባ «ፍላክስሲድ»፣ ሄል «ካርዳሞም»። ኮረሪማ «ኢትዮጵያን ካርዳሞም» ቢባልም ተራ ሱቅ ውስጥ አይገኝም፣ የሐበሻ ሱቅ ነው።

አስቸጋሪዎቹ አዝሙዶች ናቸው። መዝገበ ቃላት ሦስቱንም «ኩሚን» ብሎ ይገላግላል። «ኩሚን» ከሙን ነው። ነጭ አዝሙድ የህንድ ሱቅ ውስጥ «አጅዋይን» በሚል ስም አለ። ጥቁር አዝሙድ «ናይጄላ» ነው፤ «ብላክ ኩሚን» ብለው ቢጠይቁ ህንዶቹ ሌላ ቅመምም በዚሁ ስም ስለሚሸጡ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ሱፍ «ሳፍላወር» ነው፣ የፈረንጅ ሱፍ ደግሞ «ሰንፍላወር»። ኑግ «ናይጀር ሲድ» ይባላል፤ እዚያ የሚሸጠው በአመዛኙ ለወፍ ቀለብ ስለሆነ ከዚያ ገዝተው ለምግብ እንዳያደርጉት።

ጥራጥሬው ላይ ምስር «ሌንትል»፣ ሽምብራ «ቺክፒ»፣ አተር ክክ «ስፕሊት ፒ»፣ ባቄላ «ፋቫ ቢን»። «ቢን» ብቻ ካሉ ቦሎቄ ነው የሚያሳዩአቸው።

ዳማከሴ፦
ለእናትየው ከምንም በፊት ግን የሰውነት ቃላት። ምክንያቱም የእኛ «እጅ» ከትከሻ እስከ ጣት ነው፣ «እግር»ም ከጭን እስከ ጣት። በእንግሊዝኛ ከአንጓ በታች «ሀንድ»፣ ከዚያ በላይ «አርም»፤ ከቁርጭምጭሚት በታች «ፉት»፣ ከዚያ በላይ «ሌግ»። የእጅ ጣት «ፊንገር»፣ የእግር ጣት «ቶ»። ክንዱን ያመመው ሰው «ማይ ሀንድ» ካለ ሐኪሙ መዳፉን ነው የሚያየው። ወገብ «ሎወር ባክ» ነው፤ «ዌስት» ቀበቶ የሚታሰርበት የልክ ቃል ነው፣ ለሕመም አይሆንም።

ሕመሙም ዓይነት አለው። የሚወጋ «ሻርፕ»፣ የሚጠዘጥዝ «ትሮቢንግ»፣ የሚያቃጥል «በርኒንግ»፣ ደንዘዝ ያለ አካል «ነም»፣ ማዞር «ዲዚ»። ቃር «ሀርትበርን» ይባላል፤ ቃሉ ውስጥ «ሀርት» ስላለች የልብ በሽታ መስሏቸው እንዳይደነግጡ፣ የልብ ሕመም ኖሮም «ሀርትበርን» ብለው እንዳያቃልሉት። ደረት የሚጫን ከሆነ «ቼስት ፔይን» የሚለውን ይያዙ፤ ይህንን በእንቅልፍ ልባቸውም ቢጠየቁ መመለስ አለባቸው።

መድኃኒት ላይ የማንኪያው ነገር ሞት ነው። የሻይ ማንኪያ «ቲስፑን» 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ «ቴብልስፑን» 15 ሚሊ ሊትር። በአጭሩ ሲጻፉ አንዱ «ቲ ኤስ ፒ»፣ ሌላው «ቲ ቢ ኤስ ፒ» ነው፤ አንዲት «ቢ» መጠኑን ሦስት እጥፍ ታደርገዋለች። በቤት ማንኪያ አይለኩ፤ ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው መስፈሪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በሚሊ ሊትር ይለኩ። ብልቃጡ ላይ የሚያገኟቸውን አራት ሐረጎች ካርድ ላይ ጻፉላቸው፦ «ትዋይስ ደይሊ» በቀን ሁለቴ፣ «ዊዝ ፉድ» ከምግብ ጋር፣ «ኦን አን ኤምፕቲ ስተመክ» በባዶ ሆድ፣ «ሼክ ዌል» በደንብ አናውጥ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ እዚህ ነርስን «ሲስተር» እንደምንለው እዚያ አይሉም። «ነርስ» ወይም ደረቷ ላይ ያለው ስሟ ነው።

ጣና ዳር፦
ዝምድና አልተነሳም፤ ለአሜሪካ መንገደኛ ግን እሱ ከምግቡ ይቀድማል። እኛ የአጎት ልጅን «ወንድሜ» ማለት ደግ ነው። እዚያ ቅጽ ላይ «ብራዘር» ብለው ከሞሉ የእናትና የአባት ስም አይገጥምም፣ ማስረዳት ይከተላል። የአጎትም የአክስትም ልጅ፣ ወንድም ሴትም ቢሆን «ከዝን» ነው። የወንድም ወይም የእህት ልጅ ወንድ ከሆነ «ኔፊው»፣ ሴት ከሆነች «ኒስ»። የእንጀራ አባት «ስቴፕፋዘር»፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች «ሀፍ ብራዘርስ»፤ እነዚህን ሁለቱን ማምታታት በጣም የተለመደ ነው። «ስቴፕ» ደም የለውም፣ «ሀፍ» አለው። የክርስትና ልጅ «ጎድቻይልድ» ነው፤ ዝምድናው በቤተ ክርስቲያን እንጂ በቅጽ ላይ «ቻይልድ» ተብሎ አይገባም።

አማት፣ አማች፣ ምራት፣ ዋርሳ ሁሉም ወደ «ኢን ሎው» ይሄዳሉ። አማት ሴት ከሆኑ «ማዘር ኢን ሎው»፣ ወንድ ከሆኑ «ፋዘር ኢን ሎው»። የልጅ ባል «ሰን ኢን ሎው»፣ ምራት «ዶተር ኢን ሎው»። የሚስት እህትም፣ የባል እህትም፣ የወንድም ሚስትም አንድ ላይ «ሲስተር ኢን ሎው» ናቸው። ሲበዙ ብዙ ቁጥሩ «ሲስተር» ላይ ይገባል፤ «ሲስተርስ ኢን ሎው»።

መለማመጃው የቤት የፎቶ አልበም ነው። ልጅቷ ፎቶ ትጠቁም፣ «ሁ ኢዝ ዚስ?» ትበል፣ እናትየው ከራሳቸው አንጻር ይመልሱ፤ ቀጥሎ ያው ፎቶ ከልጅቷ አንጻር። አንዱ ሰው ለእናትየው «ብራዘር»፣ ለልጅቷ «አንክል» ይሆናል። በጽሑፍ የተጠና የዝምድና ቃል የሚጠፋው ይህ መገላበጥ ስለማይኖረው ነው።

ስምም አለ። እዚያ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወሰዳል። የሐኪም ቤት ተራ ሲጠራ «ሚሲዝ» ብለው በአባታቸው ስም ነው የሚጠሯቸው፤ የራሳቸውን ስም ሲጠብቁ ተራቸው እንዳያልፍ ንገሯቸው።

ቀጋ፦
እግዜር ይስጥልን። የአማት የአማቹን እኔም አላውቀውም ነበር። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፤ ክለሳውን እንዴት እናድርግ? ደግሞ ሰባተኛ ክፍሏ «ይኼ የሕፃን ቃል ነው፣ ለፈተና አይረባኝም» ትላለች።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ልጅቷን ለኔ ተዋት። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ነው የሚጠብቃት፤ የሳይንሱ ግሥ ደግሞ ማድ ቤት ሞልቷል። ስኳር ሻይ ውስጥ «ዲዞልቭ» ያደርጋል፣ ቅቤ ምጣድ ላይ «ሜልት»። በአማርኛ «ሟሟ» እና «ቀለጠ» ብላ የምትለየውን በእንግሊዝኛ ሁለቱንም «ሜልት» ትላለች፤ ፈተና ላይ የሚቆርጥባት ይህ ነው። የፈላ ድስት ክዳን ስታነሳ የሚንጠባጠበው ውሃ «ኮንደንስ» ያደረገ እንፋሎት ነው፤ የተሰጣ ልብስ «ኢቫፖሬት» በማድረግ ይደርቃል፤ ሻይ ማጥለል «ፊልተር» ነው፣ ዱቄት በወንፊት መንፋት «ሲፍት»። የሽምብራ ዱቄት ውሃ ውስጥ ጥላ ትተወው፤ ታች የዘቀጠው «ሴትል» አደረገ። ሥራው ሲሠራ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጻፍ፣ ምክንያቱን በ«ቢኮዝ» ጨምራ። ከዚያ በኋላ የሕፃን ቃል ትል እንደሆነ እናያለን።

የጓዳ መምህር፦
ክለሳው ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው የሳጥን ዘዴ ነው። ሦስት የጫማ ካርቶን ይበቃል። አዲስ ካርድ መጀመሪያው ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ በየቀኑ ይታያል። የተመለሰ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ እሱ በሦስት ቀን አንዴ ይታያል። ከዚያም የተመለሰ ወደ ሦስተኛው፣ በሳምንት አንዴ። የተሳሳተ ካርድ የትም ይሁን የት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ እዚህ ላይ ርኅራኄ ከገባ ዘዴው ይሞታል። መጀመሪያው ካርቶን ውስጥ ከሃያ በላይ ካርድ ከተከማቸ አዲስ ቃል አቁሙ።

ካርዱ ላይ በአንድ በኩል የአማርኛ ቃል ብቻ አትጻፉ። «መጥበስ» ከተባለ የትኛው? «ሥጋ በኦቨን መጥበስ» ይባል፣ ከኋላው «ሮስት»። ለእናትየው ሥዕል ወይም ዕቃውን ራሱን።

የእንግሊዝና የአሜሪካው ነገር፦ ልጆቹ የመማሪያ መጽሐፋቸውን ይከተሉ፣ እናትየው አሜሪካውን። ቤት ውስጥ የሚለያዩት ብዙ አይደሉም። የጻፍኩት «ታፕ» እዚያ «ፎሴት» ነው፣ «ኩከር» «ስቶቭ»፣ «ራቢሽ» «ጋርቤጅ»፣ «ናፒ» «ዳይፐር»፣ የልብስ መቆንጠጫው «ፔግ» «ክሎዝፒን»። ሁለቱንም በአንድ ካርድ ላይ አትጻፉ።

ሞሰብወርቅ፦
ድምብላሉን ከነሱ ጋር ጨምሩ። አሜሪካ «ኮሪያንደር» ፍሬው ብቻ ነው፣ ቅጠሉ «ሲላንትሮ»፤ እንግሊዝ ሁለቱንም «ኮሪያንደር» ይላል። የኦቨን ቁጥርም በፋራናይት ስለሆነ 350 ሲባል 177 ሴልሺየስ ነው፤ ቁጥሩን አይተው «ይኼ ቤት ሊያቃጥል ነው» ብለው እንዳያጠፉት።

ዳማከሴ፦
ቀጋ፣ መንገዱ ቅርብ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ለእናትሽ ብቻ አዙሪው፤ መጀመሪያ ሕመምና መድኃኒት፣ ቀጥሎ ዝምድናና ስም፣ ከዚያ ገበያ። ሻይና ልብስ አጠባውን እዚያም ከእህትሽ ጋር ይደርሱበታል።